ቤትዎ አይታየኝም

ዘጠና ሁለት ከመቶ ደርሶ የቤት ሥራዬ
ቆመ። ቆምኩ እኔም፣ ብድግ ብዬ ከመቀመጫዬ።
ምሽቱ አራት ተኩል፤ መቀበያው የሚዘጋው ስድስት፤
ውጭው ኤድመንተን ነው፣ ጥር ነው፣ ከዜሮ በታች ሠላሳ አምስት።

ሳጥኗን አየኋት። ከአራት ዓይኖቿ ሦስቱ አረንጓዴ፣
አንዷ ቀይ፤ የምትገላምጠኝ እንደ ቂመኛ ዘመዴ።

ነቀልኩ።
እስከ ሠላሳ ቆጠርኩ እንደ ድብብቆሽ ተጫዋች፣
መልሼ ሰካሁ። ቀይዋ ቀይ ናት፤ አልሰማች።
በመርፌ ጫፍ የምትነካውን ቀዳዳ ወጋሁ፣
ገመዱን ከጀርባዋ አውጥቼ፣ እፍ ብዬ አስገባሁ፣
ሶፋውን ገፍቼ አንድ ካልሲና ሃያ አምስት ሳንቲም አተረፍኩ፣
መስመር ግን የለም።
ስልኬን አነሣሁ፤ ደወልኩ።

ሙዚቃ። የአሳንሰር ሙዚቃ፤ አሥራ ሰባት ደቂቃ፤
«ጥሪዎን እናከብራለን» ይለኛል፣ ልክ ልል ስል በቃ።
በመጨረሻ ሰው መጣ። ማሪቤል፤ ድምፅዋ ከኔ የነቃ።
«ጌታዬ፣ ነቅለው ሰክተዋል?»
«ሰክቻለሁ።»
«እስከ ሠላሳ ቆጥረዋል?»
«በሁለት ቋንቋ።»

የቁልፍ ሰሌዳ ቀጭ ቀጭ፤ ከዚያ ዝም።
«ይቅርታ ጌታዬ፣ ከዚህ ሳይ ቤትዎ አይታየኝም።»

አይታየኝም! ግድግዳውን ነካሁ። ቀዝቃዛ ነው፤ ግን አለ።
ጣሪያውን ነካሁ፣ ምድር ቤት ነው፣ ይደረሳል፤ እሱም አለ።
«ዋናው ሳጥን መብራት አለው?» አለች ማሪቤል፣ ቀስ ብላ።
ዋናው? ዋናውማ እላይ ነው፣ ከሚስስ ፓውሊክ ጓዳ ኋላ።

ሦስት ዓመት ከእግሯ ሥር ስኖር የማውቀው ኮቴዋን ብቻ፣
ሁለት የእግር፣ አንድ የምርኩዝ፣ ከመኝታዋ እስከ ጓዳ ዳርቻ።
ኪራዩን በፖስታ፣ በበር ሥር አሾልኬ ነው የምሰጣት።
ደረጃውን ወጣሁ፣ ስልኩ ጆሮዬ ላይ፤ አንኳኳሁ፤ ጠበቅኋት።

ከፈተች፤ በሌሊት ልብሷ ላይ የወንድ ካፖርት ደርባ።
«ገመድ ተከትዬ መጥቼ ነው» ስላት፣
«ግባ፣ ብርዱን አታስገባ።»

መስመሩ ከወለሉ ብቅ ይላል፣ በማቀዝቀዣው ጎን ያልፋል፣
ከኋላ በር አጠገብ ዋናው ሳጥን ይደርሳል።
ሳጥኑ ጨለማ። ከሶኬቱ ተነቅሏል።
በቦታው ሌላ ገመድ፣ ወፍራም፣ ብርቱካናማ፣ ተሰክቷል፣
በበሩ ስንጥቅ ወጥቶ በረዶው ላይ ተጋድሟል፣
ጫፉ ከአንድ አሮጌ ፎርድ አፍንጫ ውስጥ ገብቷል።

«የዋልተር ነው» አለች። «የውጪው ሶኬት ትናንት ተበላሸ።
በዚህ ብርድ ሞተሩ ካልሞቀ፣ ጠዋት አይነሣም።»

ዋልተር የት እንዳለ አልጠየቅኋትም።
የካፖርቱ እጅጌ ረዝሟት ጣቶቿን ውጧቸዋል።
የፎርዱ ጎማዎች ተንፍሰዋል፤
የሰሌዳው ቀን ካለፈ አራት ዓመት ሆኖታል።

ጆሮዬ ላይ ማሪቤል፦ «ጌታዬ? አሉ?»

ነቅሎ መስካት ነው፤ ሥራው ቀላል።
ዛሬ ማታ ስንቴ ነቀልኩ፣ ስንቴ ሰካሁ፤
እጄ ግን እምቢ ብሏል።

ወረድኩ። ባለ ሦስት ቀዳዳ ማከፋፈያ ይዤ ተመለስኩ።
ግድግዳውን ሁለቱን አጎረስኩት፤ አንድ ለዋልተር፣ አንድ ለእኔ፣
ሚስስ ፓውሊክ እስከ ሠላሳ ቆጠረች፣ በዩክሬንኛ፣ ቆማ ከጎኔ።
አንዷ በራች። ሁለተኛዋ በራች። ሦስተኛዋ።
አራተኛዋ አሰበች፣ አሰበች፣
በራች።

«አየሁት ጌታዬ!» አለች ማሪቤል፤ «ቤትዎ መጣ።
ለመዝገቤ ነው፤ ችግሩን የቱ ውስጥ ላስገባ?
የገመድ ብልሽት፣ የመሣሪያ ብልሽት፣ ወይስ ሌላ?»

ሌላ፣ አልኳት።

ዘጠና ሦስት ከመቶ። ዘጠና አራት።
በላይ በኩል ሁለት የእግር፣ አንድ የምርኩዝ ወደ መኝታ ያልፋል፤
በመስኮቴ ሽንቁር ሳይ፣ ከፎርዱ አፍንጫ ላይ
መዳፍ የምታህል በረዶ ቀልጧል።